የትኛው ብሎክ 14?

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው። በኤችቲኤምኤል ገጽ ላይ ለአንድ ኤለመንት ስለምንሰጠው መለያ፣ ማለትም ስለ አይዲ ነው። "ይሄ ደግሞ ምን ያጽፋል? የአንደኛ ዓመት ትምህርት እኮ ነው" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ልክ ነው፣ የአንደኛ ዓመት ትምህርት ነው። ነገር ግን አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነው ደንብ አራተኛ ዓመት ላይ ከምንሠራበት መንገድ ጋር ይጋጫል። ይህን ግጭት ደግሞ በክፍልም ሆነ በላብ በግልጽ ተነጋግረንበት አናውቅም። በእኔ እምነት ልንነጋገርበት ይገባል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚደርሰው በእኛ ላይ ሳይሆን ቅጹን በሚሞላው ሰው ላይ ነው።

ደንቡን ላስታውስ። በአንድ ገጽ ውስጥ አንድ አይዲ የሚሰጠው ለአንድ ኤለመንት ብቻ ነው። ባዶ መሆን አይችልም፣ በውስጡም ክፍት ቦታ አይኖርም። አንድ ሰው ገጹን ከላይ እስከ ታች በአንድ ፋይል በሚጽፍበት ዘመን ይህን ማክበር አይከብድም ነበር፤ ፋይሉን መፈለግ፣ ሁለት ቦታ ከተገኘ አንዱን መቀየር፣ በቃ። ሪአክት በ2013 እ.ኤ.አ.፣ ቪዩ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከተለቀቁ ወዲህ ግን እኛ ገጽ መጻፍ ትተናል። የምንጽፈው ኮምፖነንት ነው። ገጹን የሚሠራው ኮምፖነንቶቹን ደጋግሞ የሚጠራው ፕሮግራም ነው።

ይህን በሠፈራችን ምሳሌ ማየት ይቻላል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም የሙከራ ግንባታ የተካሄደው እዚሁ ቦሌ፣ ገርጂ ላይ ነው፤ ጊዜውም 1996 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰሚት፣ በአያት፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ የተነሡትን ሕንፃዎች ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። ፕላኑ ጥቂት ነው፤ ሕንፃው ብዙ ነው። ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት መኝታ። አንድ ጊዜ የተሣለው ደጋግሞ ይቆማል። ኮምፖነንት ማለት ይኸው ነው። እንግዲህ አርክቴክቱ በፕላኑ ላይ፣ በበሩ ሥዕል ላይ "ቤት ቁጥር 7" ብሎ ቢጽፍና ግንበኛው እንዳለ ቢገለብጠው አስቡት። በሳይቱ ያለው በር ሁሉ ቁጥር 7 ይሆናል። አርክቴክቱን ብትጠይቁት "እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፍኩት" ይላችኋል። አልዋሸም!

የእኛም ክርክር ይህንኑ ይመስላል። በላብ "አይዲህ ተደግሟል" የተባለ ተማሪ ኮዱን ይከፍትና ፍለጋ ያደርጋል። አንድ ቦታ ብቻ ያገኛል። "ይኸው፣ የት ነው የተደገመው?" ይላል። የተደገመው እሱ በሚያየው ፋይል ውስጥ ሳይሆን ብራውዘሩ ውስጥ በቆመው ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ መፈተሽ ያለበት የተጻፈው ፕላን ሳይሆን የተሠራው ሕንፃ ነው። ለቼክ የሚሰጠው ምንጭ ፋይል ከሆነ ማንኛውም ማረጋገጫ ፕሮግራም "ትክክል ነው" ብሎ ያልፈዋል።

አይዲ ሲደገም ብራውዘሩ አይጮህም። ስህተት አያሳይም፣ ገጹም አይሰበርም። በአይዲ ፈልግልኝ ሲባል ከላይ ወደ ታች ሲሄድ መጀመሪያ ያገኘውን ይሰጣል፤ ቀጣዩን አያይም። ብሎክ 14 የሌለው ትልቅ ሳይት ያለ አይመስለኝም። አንድ የራይድ ሹፌር ሳይቱ ሳይነገረው "ብሎክ 14" ብቻ ቢባል ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ባገኘው ብሎክ 14 በር ላይ ይቆምና "ደርሻለሁ፣ ውጡ" ብሎ ይደውላል። ብራውዘሩም እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ሹፌሩ መደወሉ ነው፤ ብራውዘሩ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለአንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ተብሎ በቡድን የሚሠራ የማመልከቻ ቅጽ ውሰዱ፤ በየዓመቱ ተመሳሳዩ በፕሮጀክት መልክ ይቀርባል። ቅጹ ላይ የአመልካች አድራሻ አለ፣ ከሥሩ የዋስ አድራሻ አለ። ሁለቱም ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥርና ስልክ ይጠይቃሉ። ጎበዝ ተማሪ ሁለት ጊዜ አይጽፈውም፤ "አድራሻ" የሚል አንድ ኮምፖነንት ሠርቶ ሁለት ጊዜ ይጠራዋል። እስከዚህ ድረስ ያስመሰግናል። ነገር ግን በኮምፖነንቱ ውስጥ ለቤት ቁጥር መሙያው ሳጥን አይዲ ሰጥቶ፣ ሌብሉን በዚያው አይዲ አስሮታል። አሁን በገጹ ላይ አንድ ዓይነት አይዲ ያላቸው ሁለት ሳጥኖች አሉ።

ዋሱ ሥር ያለውን "የቤት ቁጥር" የሚለውን ጽሑፍ በማውስ ንኩት። ከርሰሩ ዘሎ አመልካቹ ሳጥን ውስጥ ይገባል። እጁን ኪቦርድ ላይ፣ ዓይኑን ወረቀት ላይ አድርጎ የሚጽፍ የቢሮ ሠራተኛ የዋሱን ቁጥር ከአመልካቹ ቁጥር ጋር ቀላቅሎ ይሄዳል። የባሰው ደግሞ ነጥብ የሚደረግበት ምርጫ ሲኖር ነው። "የግል ቤት"፣ "የቀበሌ ቤት"፣ "ኪራይ" የሚል ምርጫ በዋሱ በኩል ሲነካ የሚቀየረው የአመልካቹ ነው። የብድር ኮሚቴው ፊት የሚቀርበው ወረቀት አመልካቹ የግል ቤት አለው ይላል፤ ቤቱ ግን የዋሱ ነው። (እግረ መንገዴን፣ የእነዚህ ምርጫዎች ኔም የሚባለው መለያም በሁለቱ አድራሻዎች አንድ ከሆነ አንዱን ሲመርጡ ሌላው ይጠፋል። ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መነሻው ግን ያው ነው።)

ዓይኑ የሚያይ ሰው ቢያንስ ከርሰሩ ሲዘል ሊያይ ይችላል። ማየት የተሳነው ሰውስ? እንደ ኤንቪዲኤ ያለ ስክሪን ሪደር የሳጥኑን ስም የሚያገኘው ከተሳሰረለት ሌብል ነው። በዚህ ቅጽ ላይ ሁለቱም ሌብሎች የተሳሰሩት ከመጀመሪያው ሳጥን ጋር ነው። ስለሆነም አመልካቹ ሳጥን ላይ "የቤት ቁጥር የቤት ቁጥር" ብሎ ሁለቴ ሊያነብ ይችላል፤ ዋሱ ሳጥን ላይ ሲደርስ ግን የሚያነበው ስም የለውም። "መጻፊያ" ብሎ ዝም። ክፍለ ከተማው፣ ወረዳው፣ ስልኩ፣ ሁሉም ስም አልባ ናቸው። ዋሱ ስልኩን ተሳስቶ ቢሞላ የሚነበብለት የስህተት መልእክትም ከላይ ያለው የአመልካቹ ነው፤ ምክንያቱም መልእክቱም በአይዲ ነው የሚፈለገው። አንድ ማየት የተሳነው ሰው ለወንድሙ ዋስ መሆን ፈልጎ ቅጹን ራሱ መሙላት አይችልም ማለት ነው። አጠገቡ ያለ ሰው ይሙላለት እንላለን። የደመወዙን መጠን፣ የስልክ ቁጥሩን ለሌላ ሰው ለመንገር የተገደደው ግን እኛ አይዲ ስለደገምን ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው በ2010 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ሲያወራ የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂን በግልጽ ይጨምራል። ይህ ሕግ ለእኛ ለፕሮግራም ጸሐፊዎችም የተጻፈ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ያነበበ ተማሪ ሊከራከረኝ ይችላል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ ደብሊውሲኤጂ 2.0፣ አይዲ እንዳይደገም በቁጥር 4.1.1 ይጠይቅ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው 2.2 ግን ይህን ቁጥር አስወግዶታል። "ታዲያ ከተወገደ ምን ያስጨንቀናል?" ሊባል ነው። መልሱ ቀላል ነው። የተወገደው ብራውዘሮች የኮድ ግድፈትን በራሳቸው መንገድ እየጠገኑ ስለሚያልፉና ተጠቃሚውን በእውነት የሚጎዳው ነገር በሌሎቹ መስፈርቶች ስለሚያዝ ነው። ሳጥን ስም ይኑረው የሚለው መስፈርት እንዳለ ነው። ስለዚህ ከምንም ጋር ያልተሳሰረ አይዲ ቢደገም ስክሪን ሪደር ላይ ለውጥ አያመጣ ይሆናል፤ ሌብል የታሰረበት አይዲ ሲደገም ግን ጉዳቱ ትናንት እንደነበረው ነው።

መፍትሔ ተብለው በመካከላችን የሚዘወተሩትን ልይ። አንደኛው የስም ሰንጠረዥ ነው። የቡድኑ አንድ አባል ኤክሴል ይከፍትና አይዲዎቹን ሁሉ ይመዘግባል፤ ለእያንዳንዱ ገጽ ቅድመ ቅጥያ ይሰጣል። መምህራኖቻችን ይህን ይወዱታል፣ ለምን እንደሚወዱትም ይገባኛል። ሥርዓት ያስተምራል፤ ስህተት ሲፈለግም ስሙ ሲነበብ ይገባል። ነገር ግን ሰንጠረዡ የሚመዘግበው ፕላኑን ነው። ስሙ የቱንም ያህል ረጅምና ልዩ ቢሆን ኮምፖነንቱ ሁለት ጊዜ በተጠራ ቁጥር ሁለት ይሆናል። አሥር ዋስ የሚያስገባ ቅጽ ቢመጣ ሰንጠረዡ ምን ይመልሳል?

ሁለተኛው በዘፈቀደ የሚወጣ ቁጥር ነው። በእርግጥ አይደገምም፤ ወይም የመደገም ዕድሉ ከቁም ነገር አይገባም። ችግሩ ሌላ ነው። ኮምፖነንቱ እንደገና በተሣለ ቁጥር አዲስ ቁጥር ይወጣል። ገጹ መጀመሪያ ሰርቨር ላይ ተዘጋጅቶ ከመጣ ደግሞ ሰርቨሩ ያወጣው ቁጥርና ብራውዘሩ ያወጣው ቁጥር አይገናኙም። አንድ እያለ የሚቆጥር ቆጣሪም ከዚህ አያመልጥም። ሰርቨሩ ከጠዋት ጀምሮ ሲቆጥር ውሎ 900 ላይ ደርሷል፤ የእናንተ ብራውዘር ግን ዛሬ ገና ከአንድ ይጀምራል። ሁለቱ አንድ ቤት ላይ የተለያየ ቁጥር ይለጥፋሉ።

እኔ የምለው እንዲህ ነው፤ ኮምፖነንት የራሱን ስም ማወቅ የለበትም። ፕላኑ ላይ ቁጥር አይጻፍ፤ ቁጥሩን በሩ ሲቆም ሳይቱ ይስጠው። ሪአክት በ18ኛው ዕትሙ፣ በ2022 እ.ኤ.አ.፣ ዩዝአይዲ የሚባል ነገር ያመጣው ለዚሁ ነው። ቪዩም በ3.5 ዕትሙ ተመሳሳዩን ጨምሯል። የሪአክቱ ዘዴ ብልሃት አለው። በቆጣሪ ፋንታ ኮምፖነንቱ በገጹ ዛፍ ላይ ያለበትን ቦታ ይመለከታል። ቦታው ሰርቨር ላይም ብራውዘር ላይም አንድ ስለሆነ መለያውም አንድ ይሆናል። ለአንድ አድራሻ ኮምፖነንት አንድ ጊዜ ብቻ መጥራት ይበቃል፤ ከተሰጠው መለያ ኋላ "ቤት"፣ "ስልክ"፣ "ስህተት" እያሉ መቀጠል ነው። ልክ ብሎኩ ቁጥር ካገኘ በኋላ በውስጡ ያሉት ቤቶች 01፣ 02 እየተባሉ እንደሚቀጥሉት። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ የሪአክት ሥራዎች ካሉ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ቅድመ ቅጥያ መስጠት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሁለቱም ከመጀመሪያው ይጀምሩና ይጋጫሉ።

እነዚህን በማሽን የተሰጡ መለያዎች ግን ማንም እንዳያስታውሳቸው። በሲኤስኤስ አይጠሩ፣ በዳታቤዝ አይቀመጡ፣ ፈተና በሚያካሂድ ኮድ ውስጥ አይጻፉ። ሪአክት 18 የሚሰጠው መለያ ሁለት ነጥብ ስላለበት በሲኤስኤስ መምረጫ ውስጥ እንዳለ ሲጻፍ አይሠራም፤ በኋላ ዕትሞች ቅርጹ ተቀይሯል። ቅርጹ ላይ የተመኩ ሰዎች ኮዳቸውን እንደገና ጻፉ። ቦታን መሠረት ያደረገ መለያ ዛሬ ለመገናኘት እንጂ ለከርሞ ለማስታወስ አይሆንም። ይህን የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰው ያለ መምህር ያውቀዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ አያትና ሰሚት ያለ ነዋሪ ከቤቱ ንቅንቅ ሳይል የአድራሻው የመጀመሪያ ቃል ተቀየረ። ቀደም ሲልም ቀበሌው ወረዳ ሆኖ ነበር። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ያለበት ዛፍ ነው የተቀየረው።

ለከርሞ የሚሆን መለያ ሲፈለግ ጉዳዩ የዳታ ነው። ለዚህ ፋይዳን መጥቀስ ይቻላል፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ቁጥር 12 አኃዝ አለው፣ ሰውየው ቢሄድ ቢመጣ አይቀየርም። አንዳንዶቻችን "በቃ ልዩ ቁጥር ካለ እሱን አይዲ እናድርገው" እንላለን። አይሆንም። ቁጥሩ የሚለየው ሰውን ነው፤ አንድ ሰው ደግሞ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ቦታ ሊታይ ይችላል፤ በግራ በስም ዝርዝሩ፣ በቀኝ በዝርዝር መረጃው። ያኔ አይዲው ተደገመ። ከዚህ በላይ ግን የሰውን የመታወቂያ ቁጥር የሳጥን ስም አድርጎ በገጹ ላይ መበተን ነውር ነው። በገጹ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ስክሪፕት፣ የማስታወቂያውም ቢሆን፣ ያነበዋል። ዝርዝር ስንሠራ ሪአክት የሚጠይቀን ኪይ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ ከወንድሞቹ መካከል ቢለይ ይበቃዋል፣ ከዳታው መምጣትም አለበት፤ በዩዝአይዲ አይሠራም።

"አይዲ የሚባለውን ጨርሶ ብንተወውስ?" የሚል ሐሳብ ከጓደኞቼ ሰምቻለሁ፤ ከግማሽ በላይ እስማማለሁ። ለቀለምና ለቅርጽ ክላስ ይበቃል። ለጃቫስክሪፕት ኤለመንቱን በቀጥታ የሚይዝ ሬፍ አለ። ለፈተና ዳታ-ቴስትአይዲ የሚባለውን መጠቀም ይቻላል። ሌብሉ ሳጥኑን በውስጡ ካቀፈው አይዲ ሳያስፈልግ ይተሳሰራሉ፤ ለቀላል ቅጽ ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ይመስለኛል። ነገር ግን የስህተት መልእክትን ወይም ማብራሪያን ከሳጥኑ ጋር ለማሰር ስንፈልግ ያለ አይዲ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። በገጹ ላይ እንደ አደባባይ የሚታወቁ ጥቂት ቦታዎችም አሉ፤ በሊንክ የሚጠሩ የክፍል ርዕሶች። ሰው ሊንኩን በቴሌግራም ይልካል፣ ከዓመት በኋላም ይከፍተዋል። እነዚህ ስማቸው በእጅ ይጻፍ፣ አይቀየርም።

ሻዶው ዶም የሚባለውን ያጠና ተማሪ ደግሞ "እዚያ ውስጥ አይዲ አይጋጭም" ይለኛል። እውነት ነው፣ እንደታጠረ የሪል እስቴት ግቢ ነው። በውስጡ ቁጥር 1 ቢኖር ከጎረቤት ግቢ ቁጥር 1 ጋር አይጋጭም። ግን ከውጭ ያለ ሌብል "ቁጥር 1 ቤት ልግባ" ቢል ዘበኛው አያስገባውም። ሌብሉና ሳጥኑ በአንድ አጥር ውስጥ ካልሆኑ አይተሳሰሩም።

ከቅጽ ውጭ የማየው የአይዲ ድግግሞሽ ደግሞ በኤስቪጂ ሥዕሎች ነው። የሥዕሉን ፋይል የሚያሳንሱ መሣሪያዎች በውስጡ ያሉትን አይዲዎች ወደ አንድ ፊደል ያሳጥሯቸዋል። ሁለት እንዲህ ያሉ ሥዕሎች በአንድ ገጽ ሲገቡ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቀለም ይለብሳል። ማንም "አይዲ ነው" ብሎ አይጠረጥርም፤ ግማሽ ቀን ሲኤስኤስ ሲነካካ ይውላል።

እንግዲህ ለዲፓርትመንቱ የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በፕሮጀክት መገምገሚያ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር። ገምጋሚው መምህር ከቀረቡት ኮምፖነንቶች አንዱን መርጦ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ እንዲጠራ ያዝዝ፤ ከዚያ ሁለተኛው ላይ ያሉትን ሌብሎች አንድ በአንድ ይንካ፣ ከርሰሩ የት እንደሚሄድም ይይ። ቀጥሎ ማውሱ ይነቀልና ኤንቪዲኤ ተከፍቶ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ አቅራቢው ቡድን የራሱን ቅጽ በታብ ብቻ ይሙላ። ኤንቪዲኤ በነፃ የሚገኝ ስለሆነ በላብ ማሽኖቻችን ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጫን ይችላል። ለመጫኑ ሥራ እኔና ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ፈቃደኞች ነን፤ የላብ ኃላፊው ቀን ይንገሩን።